ሳፋ የተባለችው መኪና

ጥር 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፣

ይህ ወረቀት ባለሽበት በጤና ያግኝሽ። ፈጣሪ ከብርዱም ከክፉ አለቃም ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ወንድምሽም ደኅና ነው፤ ባንክ ቤቱ ሹመት ከሰጠው ወዲህ ሰላምታ ሲሰጥ አንገቱ አልታጠፍ ብሎታል እንጂ ሌላ በሽታ የለበትም።

ደውዪልኝ አትበዪኝ። በስልክ ስታወሪ ሁልጊዜ አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደደረሰ ሰው ነሽ። ወረቀት ግን አይቸኩልም።

ዋናው ወሬ፣ መኪና ገዛሁ።

ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ከጤና ጣቢያው በጡረታ ስሸኝ የተሰጠኝን ወንድምሽ ባንክ አስቀምጪው ብሎኝ አስቀምጬው ነበር። ከዚያ አወጣሁት። ከከተማው ዳር ያለው ሆቴል በር ላይ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱባት አረንጓዴ መኪና ትዝ ትልሻለች? አፍንጫዋ ረጅም፣ መብራቶቿ እንደ ጉጉት ዓይን ክብ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት። እሷን ነው የገዛሁት። አዋላጅነት ስማር የሆስፒታላችን ዋና ሐኪም እንዲህ ያለች መኪና ነበረችው። ጠዋት ጠዋት ሲገባ እኛ ተማሪዎቹ መስኮት ላይ ተደርድረን እናየዋለን። ጓደኞቼ የሚያዩት ሐኪሙን ነበር። እኔ መኪናዋን።

ባለሆቴሉ እንዲህ ያሉት ዓለም ላይ ጥቂት ናቸው አለኝ። እኔም ለፋርማሲዋ ሴትዮ፣ ለጎረቤታችን ለመምህሩ፣ ለጤና ጣቢያው ሰዎች ሁሉ ኦሪጅናል መሆኗን ነግሬያቸዋለሁ። መምህሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዞሯት፤ የታመመ ሰው የሚጠይቁ ነበር የመሰለኝ። መንዳቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ የአምቡላንሱ ሾፌር በጠፋ ቁጥር ማን ነበር መሪውን የሚይዘው?

ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የበሮቿ ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ስነዳ ነፋሱ ጆሮዬ ስር ያፏጫል። እዚያ የድሮ መኪና ዕቃ የሚሸጥ አይጠፋም። ፎቶዋን አብሬ ልኬልሻለሁ። መሪው ላይ ያለችው እኔ ነኝ፤ ፀሐይ ስለነበር ነው ፊቴን ያኮሳተርኩት እንጂ ደስ ብሎኛል።

በሆዴ ሳይሆን በጀርባዬ የተሸከምኩሽ፣
እቴቴ


የካቲት 6 ቀን

ውድ እቴቴ፣

ሰላምታዬ ከጉልበትሽ ተነስቶ እስከ ራስሽ ይድረስ። እኔ ደኅና ነኝ። ሥራው ያው ነው፤ የሆስፒታሉ አንሶላ ቆሽሾ ይመጣል፣ ነጭ ሆኖ ይሄዳል፣ መልሶ ይመጣል።

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት ነው ያነበብኩት። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው የአገሬ ልጅ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። ነገሩ ረጅም ነው ብዬ ተውኩት።

ወንድሜ ቀድሞሽ ደውሎልኛል። ከአነጋገሩ ቤት የተቃጠለ ነበር የመሰለኝ። «በዚህ ዕድሜዋ» የሚለውን ስንቴ እንዳለው አልነግርሽም። እኔ ግን ፎቶሽን አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። መኮሳተሩ አምሮብሻል።

ላስቲኩን አግኝቻለሁ። ከምኖርበት ሠፈር ጀርባ የድሮ መኪና ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ አሉ። ፎቶዋን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩ፣ መልሰው አድርገው አዩ፤ «ቆንጆ ናት» አሉኝ። ከዚያ ላስቲኩን ለክተው ቆረጡልኝ፤ ለማንኛውም በር ይሆናል አሉ። በዚህ ሳምንት ይላካል።

አንድ ነገር ብቻ። ዓለም ላይ ጥቂት መሆኗን ለሰው ሁሉ ባትናገሪ ጥሩ ነው። ሌባ አይጠፋም። ቀስ ብለሽ ንጂ።

ልጅሽ


መጋቢት 21 ቀን

ለልጄ፣

ደጅሽ ክፉ አይርገጠው። ላስቲኩ ደረሰ፤ በበሮቹ ዙሪያ ለጠፍኩት፣ ፉጨቱ ቆመ። ተባረኪ።

«ቆንጆ ናት» አሉ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሌላስ ምን አሉ? አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ወሬ ታሳጥሪያለሽ። የሌባውም ምክር አልጣመኝም። አትድከሚ፣ እኔም ደርሼበታለሁ።

ፍሬኗ እየጮኸ ሲያስቸግረኝ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኗን ሳይከፍት ጎኗን በጣቱ አንኳኳ፤ ልክ እኛ የነፍሰ ጡር ሆድ እንደምናዳምጠው ጆሮውን ዘንበል አድርጎ። ደግሞ ሌላ ቦታ አንኳኳ። «ማዘር፣ ይቺ እኮ ብረት አይደለችም» አለኝ። ፋይበር ናት፤ ልብስ እንደምናጥብበት ሳፋ። ኮፈኑን ሲከፍተው ደግሞ ሞተሯ የተራ ታክሲ ሞተር ነው። የሆነ ሰው የአሮጌ ታክሲ ሻንሲ ላይ ይህን የመሰለ ልብስ አልብሶ ሸጧታል። ኮፒ ናት ልጄ።

እውነተኛውን ምጥ ከውሸቱ ስለይ የኖርኩ ሴት በመኪና ተሸወድኩ። ባለሆቴሉ ዘንድ ሄጄ ብጠይቀው ጥቂት ናቸው አልኩ እንጂ መቼ ኦሪጅናል ናት አልኩ አለኝ። እውነቱን ነው። ኦሪጅናል ናት እያልኩ ከተማውን ያዳረስኩት እኔ ራሴ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በፋርማሲዋ በር አላልፍም። የጉልበቴን ቅባት እንኳ ዞሬ ዞሬ ገበያው ጀርባ ካለው ነው የምገዛው። መምህሩ ስለ መኪናዋ ሲያነሱብኝ ድስት ጥጄ መጣሁ እላለሁ።

ለምን አልመለስሻትም ትዪኝ ይሆናል። ጠዋት ተነስቼ በመስኮት ሳያት፣ ኮፒ መሆኗን እያወቅሁ፣ ደስ ትለኛለች። ምን ላድርግ። ስሟን ሳፋ ብያታለሁ። ዕቃዋ እንደሆነ በየታክሲ ተራው ሞልቷል። ካንዴላዋን ቀየርኩ፣ ፍሪሲዮኗን አስጠበቅሁ፣ ካርቡሬተሯን እኔው ራሴ በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። ችግሯ ዝናብ ነው። ሸራዋ ስፌቱ ላይ ያንጠባጥባል፤ ውጪ ካባራ በኋላ እንኳ ውስጥ ይዘንባል። ሸራ የሚይዝ ማስቲሽ ካገኘሽ ላኪልኝ።

ኮፒ መሆኗን ለወንድምሽ አትንገሪው። ኦሪጅናል መስላውም አልቻላት።

እቴቴ


ሰኔ 25 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

በቅርቡ የሆነውን ወንድሜ ነግሮኛል። መኪናዋ በዝናብ መሐል መንገድ ላይ ቆማብዎት ሲገፉ ሰው በስልክ እንደቀረጸዎትና ወሬው እንደተዛመተ። ወሬው እዚህም ደርሷል።

የወንድሜ ሠርግ ሐምሌ መጨረሻ ላይ መሆኑን ያውቃሉ። የሙሽራዋ አባት ዳኛ ናቸው፤ ቤተሰቡም የተከበረ ቤተሰብ ነው። በዚያ ቀን በዚያች መኪና ባይመጡ፣ ቢቻል ደግሞ ከነጭራሹ ቢሸጧት ጥሩ ነው ብለን ከወንድሜ ጋር ተመካክረናል። ወንድሜ በሰው መኪና ሊያስመጣዎት ዝግጁ ነው። ይህን የምለው ለክብርዎ ብዬ ነው።

ማስቲሹን አላገኘሁም።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ነሐሴ 28 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «እርስዎ» ስለተባልኩ አመሰግናለሁ። ከአፍሽ ሰምቼው ስለማላውቅ የሌላ ሰው ደብዳቤ መስሎኝ ፖስታውን መልሼ አይቼዋለሁ።

ሠርጉ አማረ ይላሉ። እኔ ጉልበቴን ስላመመኝ አልሄድኩም። ስጦታዬን በመምህሩ እጅ ልኬያለሁ።

መኪናዋን ሸራ አልብሼ ግቢ ውስጥ አቁሜያታለሁ። ገዢ ከመጣ ትሸጣለች። ክብሬ ደኅና ነው።

ማስቲሽ አያስፈልግም። ምንም አያስፈልገኝም።

በርቺ።

አክስትሽ


መስከረም 19 ቀን

እቴቴ፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልሽ ጠፍቶኝ ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። ሰላም ብቻ ልበልሽ።

«ምንም አያስፈልገኝም» ያልሽው ከእጄ አልወርድ አለኝ። ጫማሽ ሲቀደድ እንኳ ላስቲክ ላኪልኝ፣ ክር ላኪልኝ የምትዪ ሰው ነሽ። ላስቲክ ብትጠይቂኝ ኖሮ ቀለል ይለኝ ነበር።

በዚያ ደብዳቤ ያልጻፍኩት ነገር አለ። ወሬውን የሰማሁት ከወንድሜ አይደለም። ከሱ በፊት አይቼዋለሁ።

ምሳ ልንበላ ተቀምጠን ነበር። አብራኝ የምታጥፈው ልጅ ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። «ነይ እዪ፣ ሆድሽን በሳቅ ያምሻል» አለችኝ። አየሁ። ቢጫ የዝናብ ልብስሽን ለብሰሽ፣ በሩን ከፍተሽ፣ በአንድ እጅሽ መሪውን ይዘሽ በትከሻሽ ስትገፊ። መኪናዋ ቁልቁለቱን አግኝታ ትታሽ ስትሄድ። ሻርፕሽ አንገትሽ ላይ ወድቆ ስትሮጪ፣ ስትደርሺባት፣ ዘለሽ ስትገቢ፣ አንድ እግርሽ ውጪ ቀርቶ። የቀረጸው ሰው ሳቁ ስልኩን ያንቀጠቅጠዋል። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ እቴቴ። መጀመሪያ አንቺ መሆንሽን ሳላይ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር። አይቼሻለሁ። ከሻርፕሽ ጀምሮ አውቄሻለሁ፤ ሻርፑን የላክሁልሽ እኔ ነኝ። የሳቅሁት ሌሎቹ ስለሳቁ ነው። ከዚያ ሳቄ ቶሎ አለቀብኝ መሰለኝ ልጅቷ ፊቴን አየችኝና «ታውቂያታለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ እኔ ከየት አውቃታለሁ» አልኳት።

እናታችን ስትሞት ሌላ አልጋ ስላልነበረ አንቺ መሬት ላይ ተኝተሽ እኔን አልጋሽ ላይ አስተኝተሽኛል። ትምህርት ቤት ስገባ ወላጅ የሚለው ቦታ ላይ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ በአንድ ሳህን ምግብ ፊት አላውቃትም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ልጽፍልሽ ስነሳ አንቺ ማለት አልቻልኩም። አንቺ ካልኩሽ ያየሽኝ ይመስለኛል። ስለዚህ እርስዎ አልኩሽ። ለክብርዎ ያልኩትም ለክብሬ ነው።

ይቅር በዪኝ ማለት አፈርኩ። ዝም ብለሽ ይህን እወቂ።

ልጅሽ ለመባል የማልበቃ


ታኅሣሥ 4 ቀን

ለልጄ፣

የሰማዩ ጌታ እንባሽን በከንቱ አያፍስሰው።

ዘገየሁ። ደብዳቤሽን አንብቤ አጥፌ ከሰዓቱ ጀርባ ሸጎጥኩት፤ ሰዓት ባየሁ ቁጥር ተናደድኩ። ብጽፍልሽ ክፉ ነገር እጽፍ ነበር። ስለዚህ ጠበቅሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ አይቸግረውም።

አሁን ልንገርሽ። ያን ቀን ወዴት ነበር የምትሄጂው ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም፤ ወንድምሽም አልጠየቀኝ፣ አንቺም። የትም አልነበረም። ዝናቡ ሊጥል ሲል ሰማዩ ደስ አለኝና ቁልፉን አንስቼ ወጣሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሲያምጥ ነው የወጣሁት። ያን ቀን ማንም አላማጠም።

መንገድ ላይ ሰው ስቋል። ታዲያ የሳቁት እኮ ገፉልኝ። ዳቦ ሻጩ የዳቦውን ሣጥን መሬት አስቀምጦ መጣ። የታክሲ ረዳቱ «ማዘር ሁለተኛ ማርሽ አስገቢ» እያለ፣ እየሳቀ ገፋ። አንዲት ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት ጫማዋን ጭቃ እየበላው ገፋች። ይህ ሁሉ በቪዲዮው ላይ የለም፤ የሚቀርጸው ሰው የሚያስቀውን ወስዶ ሄዷል። እኔም ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። ሳቅ አይደለም ያመመኝ። አንቺም ሳቅሽ፣ እጅሽ ግን ሩቅ ነው፤ ከዚያ ሆነሽ ብትገፊ እንኳ አይደርስም።

ያመመኝን ልንገርሽ። ጉልበቴን አላመመኝም ነበር። የሠርጉ ቀን ያንን ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ። ወንድምሽ የላከው መኪና መጥቶ በር ላይ ክላክስ አደረገ። አልወጣም አልኩት፤ በመምህሩ በኩል አሞኛል አስባልኩ። ከዚያ ግቢ ወርጄ፣ የሳፋን ሸራ በአንድ በኩል ገልጬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሙሽሮቹ በእኛ መንገድ ነው ያለፉት። ክላክሱ ተሰማኝ። እኔ እንደ ሌባ ሸራ ውስጥ ተቀምጬ የልጄን ሠርግ በጆሮዬ አሳለፍኩት። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። በመኪናዋ አይደለም። ልጆቼ አፈሩብኝ ብዬ በመደበቄ ነው ያፈርኩት።

ገዢ መጥቶ ነበር። ጎኗን አንኳኳ። እኔው ቀድሜ ኮፒ ናት አልኩት፤ ሄደ። ደስ ብሎኝ በሩን ዘጋሁ።

አሁን ቆማ ቆማ ባትሪዋ ሞቷል። መካኒኩ አዲስ ግዢ አለኝ። አልገዛም። ምን ያስፈልግሻል ብለሽ ለመጠየቅ ስለፈራሽ እኔው ልንገርሽ፤ የሚገፋ ሰው ያስፈልገኛል። ዕረፍትሽን ውሰጂና ነይ።

እቴቴ


የካቲት 27 ቀን

እቴቴዬ፣

በደኅና ገባሁ። ጉልበትሽን ቅባቱን እየቀባሽ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ደግሞ ከቅርቡ ፋርማሲ ግዢ።

ሳፋን ስንገፋልሽ አንቺ መሪው ላይ ስለነበርሽ ከኋላ የሆነውን አላየሽም። ስፖኪዮሽም ሰማይ እንጂ መንገድ አያሳይም። ስለዚህ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ የኪሱን ቁልፍ እያሽከረከረ ሰው ያየናል አለ። ሚስቱ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳው ስር አስቀመጠችና ከጎኔ ቆመች። እየገፋን፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ በሠርጋቸው ቀን ያሳደገችው አክስቱ የት እንደሆነች ጠይቃው አሟታል እንዳላት ነገረችኝ። አባቷም ዳኛው ጠይቀው ነበር አለችኝ፤ አጠገባቸው ቦታ ይዘውልሽ ነበር። ገፋሁ።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ መምህሩ ከቤታቸው ወጡ። ይህን ባትሰሚው በወደድኩ። ሳያቸው ፊቴን ወደ መኪናዋ አዞርኩ፤ ፀጉሬን ለቀቅሁበት። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ ልገፋሽ መጥቼ፣ እዚያም አፈርኩ። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን ኮፈኑ ላይ አስቀምጠው መግፋት ጀመሩ። ወንድሜ የመጣው ሞተሯ ከተነሳ በኋላ ነው። ኮቱን ሳያወልቅ ትንሽ ሮጦ እጁን አስነካት። ለሰው ሁሉ ገፋሁ እያለ ነው አሉ፤ ተዪው ይበል። አንቺ ከቆምኩ ሞተሯ ይጠፋብኛል ብለሽ ባርኔጣውን እንደያዝሽ ሄድሽ። እኛ ጭሱ ውስጥ ቀረን። የወንድሜ ሚስት እየሳቀች ስታስል እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ ጭሱ ነው አልኳት።

ከዚያ እዚህ ተመልሼ ሥራ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ አብራኝ የምታጥፈውን ልጅ ምን እንደምላት ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት። አንሶላ ለማጠፍ ፊት ለፊት ስንቆም፣ «ያቺ ባለ ቢጫ የዝናብ ልብስ ሴትዮ አክስቴ ናት» አልኳት።

«የቷ ሴትዮ?» አለችኝ።

ዝናቡን ነገርኳት፣ አረንጓዴዋን መኪና ነገርኳት፣ ሻርፑን፣ ሩጫውን፣ ውጪ የቀረውን እግርሽን። ግንባሯን ቋጥራ ለማስታወስ ሞከረች። ከልቧ ነው የሞከረችው። በኋላ እንዲህ ያለ ቪዲዮ በየቀኑ እንደምታይ ነግራኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ የአንሶላውን ጫፍ አቀበለችኝ።

ረስታሻለች እቴቴ። እኔ የካድኩሽ በሷ ፊት ነበር።

ልጅሽ